«ወፌ ቆመች» የሚባልለትን ልጅ ይዞ ለመስቀል አገር ቤት መግባት፦ ከመሀል አዲስ አበባ ለሚነሱ ወላጆች

ጳጉሜን ገባ ሲባል ከፒያሳ፣ ከመርካቶ፣ ከአብነትና ከሜክሲኮ ወላጆች የሚያነሱልን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ልጁ ዓመት ሊሞላው ነው። ለመስቀል ይዘነው እንግባ ወይስ ዘንድሮ ይቅር?» ጤነኛ ከሆነና ክትባቱ ካልተጓደለ ይዛችሁት ግቡ። ብቻ አራስ ይዞ እንደመሄድ አድርጋችሁ አትዘጋጁ። የሦስት ወር ሕፃን ያስተኙት ቦታ ይገኛል፤ ጡት ካገኘ ሌላ አይጠይቅም። ከ10 እስከ 14 ወር ያለው ግን ይድሃል፣ ያገኘውን ተደግፎ ይቆማል፣ የጨበጠውን ሁሉ አፉ ይከታል፣ እናቱን ከሌላው ሰው ለይቶ ያለቅሳል። ስለዚህ ከመንገዱ ይልቅ ብዙ ዝግጅት የሚጠይቀው የምትገቡበት ቤት ነው፤ እዚህም ረዘም ያደረግነው እሱን ነው።

ምሳሌያችን ከመሀል ከተማ በአየር ጤና፣ በዓለም ገናና በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ የሚያደርሰው መንገድ ነው፤ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ ቡታጅራም ሆነ ወደ ሌላ አቅጣጫ ለሚሄድ አሠራሩ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች (ለ4 ቀንና ለ3 ሌሊት፤ ከዚያ በላይ የምትቆዩ ከሆነ በቀኑ ልክ ጨምሩ)

- ዳይፐር 32። በቀን 6 ሲታሰብ 24 ይሆናል፤ 8ቱ ሆዱ ቢበላሽ የሚሆን መጠባበቂያ ነው። ከዚህ ውስጥ 5ቱን ለመንገድ ለብቻ ያዙ።
- እርጥብ ሶፍት 2 እሽግ፣ ፌስታል 10፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን።
- ቅያሪ ልብስ 8፣ ሹራብ 2፣ ካልሲ 5፣ ኮፍያ 1፣ ጋቢ 1፣ ስስ ነጠላ 1።
- በመድኃኒት የተነከረ አጎበር 1፣ ሲባጎ 4 ሜትር።
- ባለ 1 ሊትር ቴርሞስ 1፣ ክዳን ያለው የልጁ ኩባያ 1፣ ሳህንና ማንኪያ።
- የልጁ ምግብ ዱቄት (የቤት ምጥን፣ ፋፋ ወይም የለመደው) 600 ግራም። በቀን ሦስቴ ሃምሳ ሃምሳ ግራም ሲታሰብ ነው።
- ለመንገድ፦ የተቀቀለ እንቁላል 2፣ ያልተላጠ ሙዝ 4፣ የተቀቀለ ድንች 2።
- ኦ.አር.ኤስ. 4 ከረጢት፣ የዚንክ እንክብል 1 ቅጠል፣ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ከነመለኪያ ስሪንጁ፣ ቴርሞሜትር።
- የክትባት ካርድ። ፎቶም አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀሩ።
- አንቀልባ ወይም ማዘያ፣ ፖፖ፣ የእጅ ባትሪ።

ጋሪ ቤት አስቀሩት። ከዝናብ በኋላ ጭቃ ውስጥ አይገፋም፤ ሚኒባስ ላይ ደግሞ የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል።

1. ከሦስት ሳምንት በፊት፦ ክትባቱን አጣሩ

የኩፍኝ ክትባት የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። የ9 ወሩን ያልወሰደ ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና ጉዞው ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይሁን፤ ሰውነቱ መከላከያ የሚያበጅበት ጊዜ ይፈልጋል። ኩፍኝ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ መስቀል ደግሞ ከየከተማው የመጣ ዘመድ አንድ ቤት የሚያድርበት በዓል ነው።

በዚያው ልጁን አስመዝኑና ክብደቱን ካርዱ ላይ አጽፉ፤ የትኩሳት መድኃኒት የሚለካው በኪሎ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ለባለሙያው ጠይቁ፦ «ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ወተትና ማር እስከ መቼ ይከልከል?» መልሱን በቃላችሁ ያዙ፤ ደረጃ 7 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

2. ከአሥር ቀን በፊት፦ ቀኑንና መኪናውን ቁረጡ

መስከረም 14 እና 15 መናኸሪያው መፈናፈኛ የለውም። መስከረም 16 ከሰዓት ደግሞ በመስቀል አደባባይ ደመራ ስለሚከበር በለገሃር፣ በስታዲየምና በካዛንቺስ በኩል ያሉ መንገዶች ይዘጋሉ፤ መሀል ከተማ የሚኖር ሰው ሰፈሩ ውስጥ ተዘግቶበት ሊቀር ይችላል። ከቻላችሁ መስከረም 12 ወይም 13 ውጡ፤ ስትመለሱ 18ን ለሌላው ትታችሁ 20 ላይ ተነሡ። ልጅ ወረፋ ላይ ሁለት ሰዓት ከቆመ መንገዱ ሳይጀመር ደክሞ ያልቃል።

በትራንስፖርት በኩል የእኛ ምክር ይህ ነው፦ ከሁለት ወይም ከሦስት ዘመድ ጋር ተዋጥታችሁ መኪና በኮንትራት ያዙ። ሂሳቡ ከፍ ይላል፤ ግን የት እንደሚቆም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ትርፍ አይጫንባችሁም፣ የልጁንም መቀመጫ ማሰር ትችላላችሁ። የሕዝብ ሚኒባስ ከሆነ የሁለት ሰው ሂሳብ ክፈሉ። ከአውቶቡስ ተራ ይሁን ከአየር ጤና መነሻው በበዓል ሰሞን ሊቀያየር ስለሚችል ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ስምሪት ጠይቁ።

በአውሮፕላን ወደ ሌላ ከተማ የምትሄዱ ከሆነ ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭን ላይ ተቀምጦ ይጓዛል፤ ዕድሜውን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። ሲነሣና መውረድ ሲጀምር ጡት ወይም ውሃ ስጡት፤ ሲውጥ የጆሮው ግፊት ይስተካከላል። ብዙዎች ጎማው መሬት ሊነካ ሲል ይሰጣሉ፤ ያኔ ዘግይቷል። አውሮፕላኑ ከማረፉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ መውረድ ይጀምራል፤ ልጁ ተኝቶ ከሆነም ያኔ አንቁት።

3. የልጁን መቀመጫ በትክክል እሰሩ

በቤት መኪና ወይም በኮንትራት የምትሄዱ፦

ሀ. የልጅ መቀመጫው የኋላ ወንበር ላይ፣ ፊቱ ወደ መኪናው ጀርባ ዞሮ ይታሰር። በዚህ ዕድሜ የልጅ ራስ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ፣ አንገቱ ደግሞ ያልጠና ነው። ፊት ለፊት የዞረ ልጅ መኪናው በድንገት ሲቆም ራሱ ወደፊት ይወረወራል፤ ወደ ኋላ የዞረው ግን ጫናው በጀርባው ላይ ተከፋፍሎ ያርፋል። «እግሩ ተጣጠፈ» ብላችሁ አታዙሩት፤ የተጣጠፈ እግር ምንም አይሆንም።

ለ. ቀበቶውን ካሠራችሁ በኋላ መቀመጫውን ከሥሩ ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ከ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ጉልበታችሁን ጭናችሁበት እንደገና አጥብቁ።

ሐ. የልጁን ማሰሪያ ትከሻው ላይ ቆንጥጡት። ጨርቁ በጣታችሁ መሀል ከታጠፈ ላልቷል። ወፍራም ሹራብ ወይም ጋቢ ከማሰሪያው ሥር አይግባ፤ በግጭት ጊዜ ልብሱ ተጨፍልቆ ማሰሪያው ይላላል። ጋቢውን ከላይ ጣሉበት።

መ. ጋቢና አይቀመጥ። ኤርባግ ካለ ወደ ኋላ የዞረውን መቀመጫ ከፊት ይመታዋል፤ ምቱ ልጁን ሊገድለው ይችላል።

መቀመጫ በማይታሰርበት ሚኒባስ የምትሄዱ ደግሞ ከሹፌሩ ኋላ ባሉት መሀል ረድፎች፣ ከበር ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ተጣጣፊውን ወንበርና ጋቢናን ተዉት። ቀበቶ ካለ ራሳችሁን ብቻ እሰሩ። እናንተንና ልጁን በአንድ ቀበቶ ማሰር ከለላ ይመስላል፤ ነገር ግን በግጭት ጊዜ የእናንተ ክብደት ልጁን ቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል። እቅፍ የመቀመጫን ያህል እንደማያድን እወቁና በቀን ብርሃን የሚነዳ፣ የማይሮጥ ሹፌር ምረጡ። ሲበር «ቀስ በል» ማለት አያሳፍርም። ልጅ እንደያዛችሁ እያየ የማይቀንስ ከሆነ ወሊሶ ላይ ወርዳችሁ ሌላ ያዙ።

4. የመንገዱን ምግብ ሌሊቱን ሳይሆን ጠዋት አዘጋጁ

የልጅ ሆድ ጉዞ ላይ የሚበላሸው በብዛት ከምግብ አያያዝ ነው። የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ፀሐይ ያገኘው መኪና ውስጥ ከሆነ 1 ሰዓትም ብዙ ነው። ማታ የተሠራ ገንፎ በዕቃ ተጨምሮ ጠዋት ተነሥቶ 5 ሰዓት ላይ ሲበላ ተዋሲያኑ በሚገባ ተራብተውበታል፤ ሽታው ስላልተለወጠ ግን ማንም አይጠረጥርም።

ስለዚህ መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት ነገር ብቻ ያዙ። አንደኛ፣ በልጣጩ ያለ፦ ሙዝና ያልተላጠ የተቀቀለ እንቁላል። ድንቹንም በልጣጩ ቀቅሉ። እንቁላሉንና ድንቹን ጠዋት ቀቅላችሁ በመጀመሪያው ማቆሚያ ጨርሱ፤ ከተቀቀለ 2 ሰዓት ያለፈውን ጣሉ። ሁለተኛ፣ በቦታው የሚበጠበጥ፦ ቀድሞ የተቆላና የበሰለ፣ በሙቅ ውሃ ብቻ የሚላቆጥ የልጅ ምግብ ካላችሁ ደረቁን በንጹሕ ዕቃ፣ ውሃውን በቴርሞስ ያዙ። ጥሬ የምጥን ዱቄት ግን በቴርሞስ ውሃ አይበስልም፤ እሱን ለአገር ቤት ምድጃ አቆዩት። ሦስተኛ፣ የእናት ጡት፤ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፣ መያዣም ማሞቂያም አይፈልግም።

ውሃውን ስታፈሉ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ቁጠሩ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንደ ቆላ 100 አይደርስም። ስለዚህ ፈላ እንዳለ ወዲያው ማውረድ አይበቃም።

የዱቄት ወተት የሚጠጣ ልጅ ከሆነ ጡጦውን በጥብጣችሁ አትጓዙ። ዱቄቱን በልክ በልኩ በንጹሕ ዕቃ ከፋፍሉት፤ ልጁ ሲፈልግ በጥብጡ፣ በቂ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ካፉ ከነካ በ1 ሰዓት ውስጥ ያልጨረሰውን ድፉ።

ከ9 እስከ 11 ወር ያለ ልጅ በአንድ ጊዜ ግማሽ ኩባያ (ወደ 125 ሚሊ ሊትር)፣ ዓመት የሞላው ከሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ ኩባያ ያህል ይበላል። መኪና ውስጥ ከዚህ አታስበልጡ። በዚህ ዕድሜ መኪና ራሱ የሚያስመልሰው ልጅ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስመልሰው ሆዱ ከልክ በላይ ሞልቶ መኪናው ሲሞቅ ነው።

5. መነሻ ሰዓቱን በልጁ እንቅልፍ ላይ መሥርቱ

በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ ያሸልባል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ገደማና ከሰዓት 8 ሰዓት ገደማ። ሁለት መንገድ አለ። ወይ 11 ሰዓት ተኩል ሌሊት ላይ ሳይነቃ ጠቅልላችሁት ውጡ፤ አየር ጤናና ዓለም ገና ሳይጨናነቁ ታልፋላችሁ፣ እሱም እስከ 1 ሰዓት ይተኛል። ወይ ቁርሱን አብሉት፣ ቤት ውስጥ እንደልቡ ይዳህ፣ 3 ሰዓት ላይ ተነሡ፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ እንቅልፍ ይወስደዋል። መሀሉ ነው የማያዋጣው። 1 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ልጁ ነቅቶ መንቀሳቀስ በሚፈልግበት ሰዓት ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ያገኘዋል።

ከመውጣታችሁ በፊት ዳይፐሩን ቀይሩና ቫዝሊን በስሱ ቀቡት፤ ቁጭ ብሎ በሚቆይባቸው ሰዓታት ሽንቱ ቆዳውን እንዳያቃጥለው ነው።

6. መንገድ ላይ በየ1 ሰዓት ተኩሉ ቁሙ

ቱሉ ቦሎ በግማሽ መንገድ ላይ ነው፣ ወሊሶ ደግሞ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። ሁለቱም ጋ ቁሙ። በእያንዳንዱ ማቆሚያ 15 ደቂቃ በቂ ነው፦ ዳይፐር፣ ውሃ፣ ትንሽ ምግብ፣ ከዚያ ጋቢ አንጥፋችሁ ይዳህ። «ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» ካላችሁ እሺ፣ እሱ ይተኛ፤ ጡት የምታጠባው እናት ግን ወርዳ ውሃ ትጠጣ።

የመስኮት ነገር። ሚኒባስ ውስጥ «ሕፃን አለ፣ ንፋስ ይመታዋል» ተብሎ ሁሉም ይዘጋል። 14 ሰው ተዘግቶ የሚተነፍሰው አየር ግን ከንፋሱ ይልቅ ጉንፋን ያስይዛል፤ ልጁም በሙቀት ይቅበጠበጣል። ልጁ ኮፍያና ሹራብ ካደረገ ከእሱ ፊት ለፊት ያልሆነ አንድ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ይከፈት ብላችሁ ጠይቁ። ሙቀቱን ለማወቅ እጁን አትዳብሱ፤ የልጅ እጅ ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ማጅራቱን ንኩ፤ ካላበው አንድ ልብስ ቀንሱ።

ለሻይ ስትወርዱ ልጁን መኪና ውስጥ «ለአፍታ ነው» ብላችሁ አትተዉ። የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል።

7. እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ቤቱን በልጁ ቁመት እዩት

ሰላምታው ሲያልቅ፣ ልጁ ከእቅፍ ሳይወርድ፣ አንዳችሁ ወለሉ ላይ ተንበርከኩና ዙሪያውን ቃኙ። ቆማችሁ የማታዩት ብዙ ነገር አለ፦ ምሰሶ ሥር የተቀመጠ የላምባ ጠርሙስ፣ መደብ ሥር የተወሸቀ ቢላ፣ ለከብት የተገዛ መድኃኒት፣ ለዘር የተቀመጠ፣ በመድኃኒት የታሸ እህል። እነዚህን ከትከሻ ከፍታ በላይ አስነሡ።

ቀጥሎ እሳቱ። ጎጆ ቤት ውስጥ ምድጃው ወለል ላይ፣ መሀል ቤት ነው፤ የሚድህ ልጅ ደግሞ ወደሚያበራ ነገር ይሄዳል። በዙሪያው ዱካ ወይም በርጩማ መደርደር አይበቃም፤ ልጁ በርጩማውን ተደግፎ ይቆምና ከነበርጩማው እሳቱ ላይ ይወድቃል። አስተማማኙ ሰው መመደብ ነው። እሳት በተያያዘ ቁጥር ስሙ የታወቀ አንድ ሰው ልጁን ይይዛል፤ ሲለቅ «ተቀበይኝ» ብሎ ለሌላ ያስረክባል። ቤት ሙሉ ሰው እያለ ልጅ የሚቃጠለው ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ ስለሚተማመን ነው። የቡና ረከቦትም እንዲሁ ነው፤ ጀበናው ልጁ እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት ውጪ ይሁን፣ የረከቦት ልብስም ወለል ድረስ አይንጠልጠል፤ ይዞ ይስበዋል።

ቢቃጠል፦ ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍነዋል፣ ቁስሉንም ያመረቅዘዋል።

ከዚያ ማዕዱ። አያት ለልጅ ልጇ የምታጎርሰው ከፍቅር ነውና የምትናገሩበትን ቃል አዘጋጁ። ቀድማችሁ ባለሙያ የጠየቃችሁት ለዚህ ነው፦ «እማዬ፣ ሐኪሙ ጥሬ ነገር ለጊዜው አታስነኪው ብሎኛል፤ ከበሰለው አንቺ አጉርሺልኝ» በሉ። ክልከላው ከሐኪም መጣ፤ ማጉረሱም ከእሷ አልተወሰደም።

- ክትፎ፦ ጥሬም ለብ ለብም ለልጁ አይሆንም፤ የኮሶ ትልና ተቅማጥ ያመጣል። በደንብ በስሎ፣ ያለ ሚጥሚጣ፣ በጥቂቱ ይችላል።
- ሚጥሚጣ፦ እጁን ሳይታጠብ ልጁን የሚዳብስ ሰው ዓይኑን ያቃጥለዋል። በር ላይ ማስታጠቢያና ሳሙና አስቀምጡ። ዓይኑ ከገባ በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡ።
- ወተት፦ ከላሟ የታለበው ይፍላ። ዓመት ላልሞላው የላም ወተት ዋና መጠጥ አይሁን፤ ምግቡ ውስጥ መግባት ግን ይችላል።
- ማር፦ ዓመት ላልሞላው በጣት ጫፍም አይቅመስ። የትንሽ ልጅ አንጀት ሊቋቋመው የማይችል፣ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ የሚያመነጭ ተዋሲ ሊኖርበት ይችላል፤ ማፍላትም አያጠፋውም።
- ቅቤ፦ ምግቡ ውስጥ ይግባ። ጥሬውን ማዋጥ፣ አፍንጫው ውስጥ ማድረግ ግን ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል።
- ቡላ፦ ገንፎው ለስላሳ ስለሆነ ልጅ ይወደዋል፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። እንቁላል ወይም የፈላ ወተት ጨምሩበት።
- ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ የተቆላ ሽምብራ፦ ወለል ላይ የወደቀችው አንዲት ፍሬ ትበቃለች። ቡና በተጠጣ ቁጥር ልጁ ሳይወርድ ወለሉ ይጠረግ።

ትን ቢለውና ድምፅ ማውጣት ቢያቅተው፦ ዓመት ላልሞላው በክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኙት፣ ራሱ ወደታች ያዘንብል፤ በመዳፋችሁ ተረከዝ በትከሻ አጥንቶቹ መሀል 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ገልብጡና ደረቱን መሀል ላይ፣ ከጡቶቹ መስመር ዝቅ ብላችሁ፣ በሁለት ጣት 5 ጊዜ ጫኑ። እስኪወጣ ደጋግሙ። ዓመት ያለፈው ከሆነ ከጀርባ ምቱ በኋላ ደረቱን ትታችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ግፉ። ፍሬውን ካላያችሁት ጣታችሁን ጉሮሮው ውስጥ አትስደዱ፤ ይበልጥ ይወሽቀዋል።

8. ዘመድ ሲቀበል

በዚህ ዕድሜ ልጅ እንግዳ ፊት ሲያይ ማልቀሱ ጤንነት ነው፤ «አላመደችውም» የሚባልባት እናት ጥፋት የለባትም። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እቅፋችሁ ላይ ሆኖ ይያቸው። ዘመዱ ወደ ልጁ ከመሄድ ይልቅ አጠገባችሁ ተቀምጦ ከእናንተ ጋር ይጫወት፤ ልጁ ራሱ እጁን ይዘረጋል። አፉ ላይ መሳም ይቅር፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ እግሩን ይሳም።

አንድ ሳንሸፍን የምንናገረው ነገር አለ። ልጁ ቢያስለው ወይም ቢያስቀምጠው «እንጥሉ ወርዷል» ወይም «የወተት ጥርሱ ነው» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ድዱን መብጣት ሕመሙን አያድንም፤ ደም መፍሰስና መመረዝ ያመጣል። ልጁን እናንተ ሳትኖሩ ማንም ይዞት ወደ መንደር እንዳይወጣ ከመጀመሪያው ቀን ለታላላቆቹ በአክብሮት አሳውቁ።

9. የሚተኛበትን ቦታ ከመጨለሙ በፊት አሰናዱ

መስከረም የወባ ወቅት መጀመሪያ ነው፤ ዝናቡ ሲያቆም የተጠራቀመው ውሃ ትንኝ ያፈላል። ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ሁሉ አጎበር ይፈልጋል፤ ወልቂጤ ዙሪያና ወደ ግቤ የሚወርደው አገር እዚህ ውስጥ ነው። አጎበሩን በአራቱ ማዕዘን በሲባጎ ወጥሩት፣ ጫፉን ፍራሹ ሥር ወሽቁት፣ ልጁን ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እጅጌ ያለው ልብስ አልብሱት። የልጁ ገላ አጎበሩን ተደግፎ ከተኛ ትንኟ በቀዳዳው ትነድፈዋለች፤ ከመሀል አስተኙት።

ከፍ ያለ አልጋ ወይም መደብ ላይ ብቻውን አታስተኙ። ፍራሹን ወለል ላይ አንጥፉ።

ደጋ አገር ሌሊቱ ይበርዳል ብላችሁ የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትደሩ። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ጭሱ ከጠፋ በኋላም ፍሙ ያመነጨዋል። ልብስ ደራርቡ።

10. ቢታመም

ትኩሳት (38 ዲግሪና ከዚያ በላይ)፦ ፓራሲታሞል በእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። ምሳሌ፦ 9 ኪሎ የሚመዝን ልጅ፣ ብልቃጡ ላይ «120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ከተጻፈ 5 ሚሊ ሊትር። በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። የብልቃጦቹ መጠን ስለሚለያይ ጽሑፉን ሳታነቡ በሻይ ማንኪያ አትስጡ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ተቅማጥ፦ አንዱን ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡ። ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት፤ 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉ። ግማሽ ከረጢት በኩባያ መበጥበጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጨው ይበዛበታል። ዚንክ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን፤ ተቅማጡ ቢቆምም አታቋርጡ። ጡትና ምግብ ይቀጥል።

የሚከተለው ከታየ መድኃኒት እየሞከራችሁ አትቆዩ፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፦ መጥባትም መጠጣትም አቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል፣ አንቀጠቀጠው፣ ፈዘዘ ወይም አልነቃ አለ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ሰገራው ደም አለው። የሚቀርበው ጤና ተቋም የት እንደሆነና ሌሊት የሚያደርስ መኪና ያለው ማን እንደሆነ በደረሳችሁበት ቀን ጠይቃችሁ ስልኩን ያዙ።

በተደጋጋሚ የምናያቸው ስሕተቶች

- ጡት ማስጣልን ለበዓሉ መቅጠር። «አያቱ ጋ ይረሳዋል» ይባላል። አዲስ ቤት፣ አዲስ ፊት፣ አዲስ ምግብ ላይ የለመደውን መንጠቅ ልጁን ያስመርረዋል፤ ተቅማጥ ቢይዘውም የሚያተርፈው ጡቱ ነበር። ከተመለሳችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በኋላ ይሁን።
- አዲስ ጫማ። ገና የሚቆም ልጅ በባዶ እግር ወይም በካልሲ ነው ሚዛን የሚለምደው። ጫማ ለጭቃና ለብርድ ብቻ።
- መድኃኒቱን በትልቁ ሻንጣ ማስገባት። ሻንጣው ፖርቶ መጋላ ላይ ታስሮ ልጁ ውስጥ ሲያተኩስ ይገኛል። መድኃኒት፣ ቴርሞስ፣ 5 ዳይፐርና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ።
- ለእናትየው ቅያሪ አለመያዝ። ልጁ ካስመለሰ ሁለታችሁም ላይ ነው።
- ደመራ አጠገብ ልጅ ይዞ መቆም። ጭሱና ፍንጣሪው ነፋስ ተከትሎ ይዞራል፤ ከርቀት፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሆናችሁ አሳዩት።

11. ከተመለሳችሁ በኋላ

ልጁ ለሁለት ወይም ለሦስት ሌሊት ደጋግሞ ቢነቃ የለመደውን የመኝታ ሰዓት ሳታዛንፉ ያዙት፤ ይመለሳል። አጎበሩን ዘርግታችሁ እጥፋቱ ውስጥ ቁንጫና ትኋን አለመኖሩን ፈትሹ፤ ልብሱን በፈላ ውሃ እጠቡ።

ለአንድ ወር ያህል ግን አንድ ነገር አትርሱ። የወባ ምልክት ከተነደፈ 7 ቀን እስከ 30 ቀን ድረስ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ሊወጣ ይችላል። አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት ወባ የሚተላለፍባት ከተማ ስላልሆነች ትኩሳት ይዞ የመጣን ልጅ ሐኪሙ በመጀመሪያ ጉንፋን ወይም ጆሮ ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ ክሊኒክ ስትገቡ ከምልክቱ ቀድማችሁ «ለመስቀል ወልቂጤ አካባቢ ሰንብተናል፣ የደም ምርመራ ይደረግለት» በሉ።